ከሐረጎ በላይ ወይስ ከሐረጎ በታች?

«እትዬ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ትልቁ 9 ዓመቱ ትንሿ 4 ዓመቷ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ቁጥጥር ሥራ አግኝቼ ከወር በኋላ እጀምራለሁ። ደሞዙ ተቆራርጦ እጄ ላይ 15,000 ብር ይደርሳል፣ ሥራው በፈረቃ ነው ብለውኛል። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፣ ዝውውር ጠይቋል ግን መልስ የለም። እናቴም ከኔ ጋር ናት፣ አስም አለባት። ጭንቀቴ ቤት ነው። ደሴ ያለው የባለቤቴ ወንድም ጢጣ አካባቢ ሁለት ክፍል በ7,000 ብር አግኝቶልኝ ‹ደሴ ኑሪ፣ ኮምቦልቻ ሙቀትና ወባ ነው፣ ቅርብ ስለሆነ በየቀኑ በሚኒባስ ትወርጃለሽ› ይለኛል። ደላላ ደግሞ ኮምቦልቻ ሁለት ክፍል ከነማድቤቱ በ8,000፣ ሀርቡ በ3,500 አለ ብሎኛል። ሀርቡ ከግማሽ በታች ስለሆነ ልቤ እዛ ሄዷል። ባለቤቴ የስድስት ወር ከፍለን እንገላገል ባይ ነው። የቱ ይሻለኛል? ዕቃዬንስ ጭኜ ልምጣ ወይስ ሸጬ? እኔ ነኝ ከማርቆስ»

እታለም እንኳን ደስ አለሽ፣ አብሽሪ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ ሦስት የኪራይ ዋጋ ደርድረሽ የቱ ይሻለኛል ብለሻል፣ ግን አንድ ትልቅ ነገር ማንም አልነገረሽም ወይ ነግረውሽ እንደ ቀላል ነገር አልፈሽዋል፣ እሱም ሐረጎ ነው።

ሐረጎ ማለት ደሴንና ኮምቦልቻን የሚለየው ተራራ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ተሰቅላለች፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሜዳው ላይ ተኝታለች፣ በመሃል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ እንግዲህ በዚች አጭር መንገድ 650 ሜትር ቁልቁል መውረድ፣ ማታ ደግሞ ያንኑ መውጣት ማለት ነው። የባለቤትሽ ወንድም ቅርብ ነው ያለሽ አልዋሸም፣ በካርታ ቅርብ ነው፣ በጋ ላይ እሁድ ለሽርሽር ስትወርጂ ደግሞ የበለጠ ቅርብ ነው። ሐምሌ ላይ ጉም ሲወርድ ግን ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን መኪና የኋላ መብራት እንጂ መንገዱን አያየውም፣ አንድ ተሳቢ ጠመዝማዛው ላይ ከቆመ በቃ ሰልፉ እስኪፈታ መቀመጥ ነው፣ አንቺ ደግሞ ሰዓት ፈርመሽ ምትገቢ ሰው ነሽ። እኔ አራት ዓመት ደሴ አድሬ ኮምቦልቻ ሠርቻለሁ፣ ቢሮ ነበር ሥራዬ፣ ፈረቃ እንኳን አልነበረብኝም፣ እንደዛም ሆኖ በክረምት ስንቴ አርፍጄ ስንቴ ይቅርታ እንደጠየቅኩ እኔና አለቃዬ ነን ምናውቀው። ጠዋት ከቤት ወጥቼ ወንበሬ ላይ እስክቀመጥ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር ሚፈጅብኝ፣ ሰው ግን መኪናው ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ ነው ሚነግርሽ፣ ባጃጅ ምትጠብቂበትን፣ መናኸሪያ ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ ምትቀመጪበትን፣ ታች ወርደሽ ሌላ ባጃጅ ምትፈልጊበትን አይቆጥረውም።

ፈረቃ ብለሻል። ብዙ ፋብሪካ 24 ሰዓት ሚሠራ ከሆነ ሦስት ፈረቃ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ገብተሽ 8 ሰዓት ትወጫለሽ፣ 8 ሰዓት ገብተሽ ማታ 4 ሰዓት ትወጫለሽ፣ ወይ ማታ 4 ሰዓት ገብተሽ ሲነጋ ትወጫለሽ። ያንቺ ስንት ፈረቃ እንደሆነና በስንት ጊዜ እንደሚቀያየር ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂ፣ ምክንያቱም ማታ 4 ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ቆመሽ ደሴ ደሴ ሚል ረዳት አታገኚም፣ ብታገኚም ኮንትራት ነው ሚልሽ፣ ኮንትራቱ ደግሞ የዛን ቀን የሠራሽውን ይዞት ነው ሚሄደው።

ስትደውዪ አብረሽ ስለ ሰርቪስ ጠይቂ። ይሄ ጥያቄ ሁሉንም ነገር ሊገለብጠው ይችላል። ሰርቪስ አለ ወይ፣ ደሴ ድረስ ይወጣል ወይ፣ ለሦስቱም ፈረቃ ነው ወይስ ለጠዋቱ ብቻ፣ ደሴ ውስጥ የት የት ይቆማል፣ ለሁሉም ሠራተኛ ነው ወይስ ለኃላፊዎች ብቻ። «አዎ ሰርቪስ አለን» ሚል መልስ በቂ አይደለም እህቴ፣ የማታ ፈረቃ ሰርቪስ ከሌለው ፈረቃሽ ማታ በሆነ ቁጥር ሰርቪስ የለሽም ማለት ነው። ከተቻለ እዛው ምትሠራ ሴት ስልክ አግኝተሽ እሷን ጠይቂ፣ የሰው ሀብት ክፍሉ ያለውን ይነግርሻል፣ እሷ ደግሞ ምትሳፈርበትን ትነግርሻለች።

ሰርቪስ የለም እንበልና ሂሳብ እንሥራ። ታሪፍ በየጊዜው ስለሚቀየር የኔን ቁጥር አትመኚው፣ ራስሽ ጠይቀሽ ተኪው፣ ለማሳየት ያህል ግን ሚኒባሱ አንዴ 60 ብር ባጃጁ 15 ብር ነው እንበል። ከጢጣ ስትነሺ ለመናኸሪያ ባጃጅ፣ ከዛ ሚኒባስ፣ ኮምቦልቻ ወርደሽ ደግሞ ባጃጅ፣ ስትመለሺም እንደዛው። ሚኒባሱ ደርሶ መልስ 120፣ ባጃጁ አራት ጊዜ 60፣ በቀን 180 ብር ሆነ፣ በወር 26 ቀን ብትሠሪ 4,680 ብር። ኪራዩ 7,000፣ አንድ ላይ 11,680። ከ15,000 ላይ ይሄን ስታነሺ 3,320 ብር ይቀርሻል፣ በሱ ነው እንግዲህ አምስት ሰው ጤፍ ሚገዛው። ኮምቦልቻ ያለው የ8,000 ብር ቤት በእግር ሚያስኬድ ከሆነ ግን 7,000 ይቀርሻል። ከደሴው በ1,000 ብር ይወደዳል ያልሽው ቤት በወር 3,680 ብር ይረክሳል ማለት ነው፣ ያውም በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ከልጆችሽ ጋር ምትሆኚበትን ሳልቆጥር።

ሀርቡ ግን በወረቀት ያሸንፋል፣ አልክድሽም። ኪራዩ 3,500፣ ሚኒባሱን 40 ብር ብንል ደርሶ መልስ 80፣ ኮምቦልቻ ላይ ባጃጅ ሁለት ጊዜ 30፣ በቀን 110፣ በወር 2,860፣ አንድ ላይ 6,360 ብር። ከኮምቦልቻው ቤት 1,640 ብር ይተርፍሻል። መንገዱም እንደ ሐረጎ አያስፈራም፣ ወደ ከሚሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው ሀርቡ። ታዲያ ለምን ልብሽን መልሺ እልሻለሁ? አንደኛ ያው ፈረቃው ነው፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ የሀርቡም መኪና የለም፣ በወር ውስጥ አምስት ስድስት ቀን ኮንትራት ከያዝሽ ያ 1,640 ብር ጠፋ። ሁለተኛ ሀርቡ ከኮምቦልቻም ዝቅ ያለ ቆላ ነው፣ ወባን በተመለከተ የባለቤትሽ ወንድም ኮምቦልቻን የሰደበበትን ስድብ በእጥፍ ሀርቡ ላይ ልታደርጊው ትችያለሽ። ወባ ብዙ ጊዜ ከ2,000 ሜትር በታች ነው ሚያስቸግረው፣ ስለዚ ደሴ ነፃ ነች ማለት ይቻላል፣ ኮምቦልቻ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ መስከረምና ጥቅምት ላይ አለ፣ ሀርቡ ደግሞ የበለጠ። ከማርቆስ የመጣ ልጅ ወባ ለምዶ አያውቅም፣ አንዴ ሲይዘው ክፉኛ ነው ሚጥለው፣ አንቺም ከሥራ ትቀሪያለሽ። ባለቤትሽ ዝውውሩ ቃሉ ወረዳ ላይ ከወጣለት፣ ሀርቡ ወይ አካባቢው ከደረሰው ያኔ ሀርቡን እንደገና እናየዋለን፣ መጥፎ ቦታ ስለሆነ አይደለም'ኮ፣ አሁን ላንቺ አይሆንም ነው ምልሽ። ደላላሽ ደጋንና ገርባም ርካሽ ነው ሊልሽ ይችላል፣ እነሱም በባቲ መንገድ ላይ ያሉ ናቸው፣ መልሴ ያው ነው።

አሁን ወደ ደሴ ልመለስ፣ ተወልጄ ያደግሁባት ስለሆነ አትኑሪባት ማለት ከብዶኛል፣ ጎረቤቶቼ ይሄን ካነበቡ ለሳምንት ቡና አይጠሩኝም። ደሴ ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ ገበያው ከኮምቦልቻ ይሰፋል፣ ሰኞ ገበያ ወጥተሽ ማታጪው ነገር የለም። አየሩም ማርቆስን ይመስላል፣ ከፍታቸው ተቀራራቢ ነው፣ ብርዱ እናትሽን አዲስ አይሆንባቸውም። ግን እሳቸው አስም አለባቸው ብለሻል፣ የደሴ ክረምት እርጥበትና ጉም ነው፣ ግድግዳ ያልባል፣ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም፣ ሰውም ከብርዱ ብዛት በሩን ዘግቶ ከሰል ያነዳል፣ ያ ጭስ ደግሞ ለአስም ጠላት ነው። ሐኪማቸውን ሳታማክሪ ደሴ ኑሪ ሚለውን የባለቤትሽን ወንድም ምክር አትቀበዪ።

ደሴ ሚያዋጣሽ በሁለት ነገር ነው፣ ሰርቪሱ በሦስቱም ፈረቃ ደሴ ድረስ ከመጣና ባለቤትሽ ደሴ ከተማ ውስጥ ከተመደበ። ሁለቱም ከተሟላ ግቢ። ያኔም ቢሆን ጢጣ አይሁን። ጢጣ ወደ ሐይቅ ከተማ በሚወስደው መውጫ ነው'ኮ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በተቃራኒው በሐረጎ በኩል፣ ደሴ ደግሞ በተራሮች መሃል ረዝማ የተዘረጋች ከተማ ስለሆነች ጢጣ ያደረ ሰው ሐረጎን ለመጀመር ብቻ ከተማውን ከጫፍ ጫፍ ማቋረጥ አለበት። የባለቤትሽ ወንድም ጢጣ ነው ሚኖረው መሰለኝ፣ ዘመድ ቅርቡ እንድትሆኚለት ፈልጎ ነው፣ ክፋት የለውም፣ ግን ሚመላለሰው እሱ አይደለም።

ደሴ ቤት ስታዪ ሌላም ነገር አለ። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ነው የተሠራችው፣ ጦሳ ከአንድ በኩል አዝዋ ገደል ከሌላ በኩል፣ መሬቱ አንዳንድ ቦታ ይንሸራተታል፣ ይሄ አሉባልታ አይደለም በደንብ የተጠና ነገር ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ሳይሆን ትልቅ ሰው ሆኜ ነው የተሞኘሁት፣ ከተራራ ስር አንድ ቤት ኪራዩ ረከሰልኝ ብዬ ገባሁ፣ በጋውን በሙሉ ደስ ብሎኝ ኖርኩ፣ ነሐሴ ላይ የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ አለ፣ አናጢ ጠርቼ አስላግኩት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ አልዘጋ አለ፣ ለካ በሩ አይደለም ቤቱ ነው ሚሄደው። አከራይዋ «ያለፈው ተከራይም እንደዚ ሲል ነበር» ብላኝ እርፍ። ስለዚ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ዳገት ላይ ያለ ቤት ስታዪ ግድግዳው ላይ በሰያፍ የሄደ ስንጥቅ፣ አዲስ ልስን የተደረገ ጥግ፣ ያጋደለ አጥር ወይ ያጋደለ የመብራት እንጨት፣ ተጎትቶ ሚከፈት በር ካየሽ ቤቱን በነፃም ቢሰጡሽ ተይው።

እንግዲህ ኮምቦልቻ ነው ምልሽ። ኮምቦልቻ ሲባል ግን ደላላው ያሳየሽን የመጀመሪያ ቤት ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ የፋብሪካሽን በር እይው፣ ከሱ ተነስተሽ በእግር ግማሽ ሰዓት ሚያስኬደው ድረስ ያለውን ክብ አስቢ፣ ቤት ምትፈልጊው እዛ ውስጥ ነው። ፋብሪካዎቹ አንድ ቦታ አይደሉም፣ ጨርቃ ጨርቁ ሌላ ቦታ፣ ቢራው ሌላ፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ሌላ፣ ስለዚ «ኮምቦልቻ ውስጥ ነው» ተብለሽ ሁለት ባጃጅ ሚያስይዝ ቤት ልትገቢ ትችያለሽ። አስፋልት ዳር ያለ ቤት ውድ ነው፣ ከዛም በላይ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ሚሄደው የከባድ መኪና መንገድ ሌሊቱን አይተኛም፣ የማታ ፈረቃ ሠርታ ቀን ምትተኛ ሴት ደግሞ ቀኑንም ጥሩምባ ነው ምትሰማው። ሁለት ሦስት ረድፍ ወደ ውስጥ ግቢ፣ ኪራዩም ይወርዳል ጆሮሽም ያርፋል። በጣም ወደ ውስጥ አትግቢ፣ ማታ 4 ሰዓት ወጥተሽ በጨለማ ምትሄጂበት መንገድ ነው፣ መብራት አለው ወይ፣ ከፈረቃ ሚወጣ ሌላ ሰው ይሄድበታል ወይ፣ ይሄን በዛው ሰዓት ሄደሽ ነው ማየት ያለብሽ፣ ቀን 5 ሰዓት ላይ ሁሉም ሰፈር ሰላም ነው።

ወንዝ ዳር አትከራዪ። ኮምቦልቻን ቦርከናና ገባሮቹ እነ ወርቃ ያቋርጧታል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከላይ ከተራራው ሚወርደው ውሃ ቀልድ የለውም፣ ከፋብሪካ ሚወጣው ፍሳሽም በነዚሁ ወንዞች ነው ሚሄደው፣ በጋ ላይ ውሃው ሲቀንስ ሽታው ይቀራል። የእናትሽን አስም ካሰብሽ አንድ ቀን ጠዋት በጊዜ፣ አንድ ቀን ማታ ሰፈሩን ዝም ብለሽ አሽትቺው፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማንም ባለሱቅ ይነግርሻል። ሙቀቱን በተመለከተ ደሴዎች ያጋንኑታል፣ ኮምቦልቻ ወይና ደጋ ነው፣ ግን ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ግንቦትና ሰኔ ላይ ምጣድ ነው ሚሆነው፣ ኮርኒስ የሌለውን ቤት ከኪራዩ ላይ አስቀንሺ ወይ እለፊው። አጎበር ግዢ፣ መስኮቱን ወንፊት አስደርጊበት፣ የጤና ጣቢያው ሰዎች ሰፈሩ ላይ ወባ እንዳለና እንደሌለ ያውቃሉ፣ ሄዶ መጠየቅ ነውር የለውም።

ስለ ውሃ አከራዩን አትጠይቂ። አከራይ ሁሉ ውሃ አለ ነው ሚለው፣ ቧንቧው አለ'ኮ። ጎረቤቷን «በሳምንት ስንት ቀን ነው ሚመጣው፣ ሌሊት ነው ቀን» ብለሽ ጠይቂ፣ ሌሊት ከሆነ ማን ተነስቶ ይቀዳል፣ አንቺ ማታ ፈረቃ ላይ ነሽ፣ እናትሽ ጀሪካን አያነሱም። ሮቶ ያለው ግቢ በ500 ብር ቢወደድ ውሰጂው፣ ውሃ በጋሪ ገዝተሽ ምትከፍዪው ከዛ ይበልጣል።

መብራቱን ደግሞ በደንብ ስሚኝ፣ እዚ ላይ ብዙ ሰው ይበላል። የራስሽ ቆጣሪ አለ ወይስ የጋራ? የመብራት ታሪፍ ደረጃ በደረጃ ነው ሚወጣው፣ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ርካሽ ነው፣ ከዛ በላይ በተጠቀምሽ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይጨምራል። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲሆን የሁላችሁም ተደምሮ ላይኛው እርከን ላይ ይወጣል፣ አንቺ ለብቻሽ ብትሆኚ በርካሹ ምትጨርሺውን ሁላችሁም በውዱ ትከፍሉታላችሁ፣ አከራዩ ሌባ ባይሆንም እንኳ ማለት ነው። ከዛ ደግሞ የምጣድ ጠብ አለ፣ ምጣድ ብቻውን ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይስባል፣ የጋራ ቆጣሪ ያለው ግቢ ውስጥ «እሷ በሳምንት ሦስቴ ትጋግራለች» ሚባል ወሬ ሳይነሳ አይቀርም፣ አንቺ ባለ አምስት ቤተሰብ ስለሆንሽ እሷ ምትባይው አንቺ ነሽ። ስለዚ ሂሳቡ በምን እንደሚካፈል፣ በሰው ቁጥር ነው በአምፖል ነው በምን፣ ከመግባትሽ በፊት ተስማሚ።

የስድስት ወር ቅድሚያ ከፍለን እንገላገል ሚለውን ሐሳብ ባለቤትሽ ይተው። ገንዘቡን ከሰጠሽ በኋላ ውሃው ቢጠፋ፣ ጣሪያው ቢያፈስ፣ ማን ይሰማሻል? ሕጉም አይደግፈውም፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሚባል አለ፣ እሱ ላይ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበል አይችልም፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ከሁለት ዓመት ያነሰ መሆን የለበትም፣ ክፍያውም በባንክ ወይ በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አዋጁ ሥራ ላይ ሚውለው ክልሎች በወሰኑት ከተማ ስለሆነ ኮምቦልቻ ላይ ምዝገባው በየትኛው ቢሮ እንደሆነ ከተማ አስተዳደሩ ጋ ሄደሽ ጠይቂ። አከራይሽ ላይ ሕግ ጠቅሰሽ ግቢ አላልኩም፣ የመጀመሪያ ቀን አዋጅ ሚጠቅስ ተከራይ ማን ይወዳል፣ ግን ሁለት ወር ብቻ ከፍለሽ ደረሰኝሽን ባንክ ላይ ያዢ። ለመውጣት ከስንት ጊዜ በፊት መናገር እንዳለብሽም ውሉ ላይ ይጻፍ፣ አንቺ መውጣትሽ አይቀርም፣ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ ቤተሰቡን ይዘሽ እንድትመጪ አልፈልግም። ብቻሽን ነይ። አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ፋብሪካው አጠገብ ያዢ፣ ከሌላ ሠራተኛ ጋር ብትጋሪው ደግሞ የተሻለ፣ ሦስት ወር ኑሪበት። በነዛ ሦስት ወሮች ፈረቃሽን ታውቂዋለሽ፣ አለቃሽን ታውቂዋለሽ፣ ደሞዙ በቀኑ ይገባል አይገባም ታውቂዋለሽ። እንዳላስፈራራሽ ብቻ፣ በ2014 በጦርነቱ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ምን እንደደረሰባቸው ሰምተሻል፣ በዛው ዓመት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለት ዕቃ ከቀረጥ ነፃ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስታወጣ ደግሞ ለውጭ ገበያ ልብስ ሚሰፉት ላይ ምን እንደመጣ አይተናል፣ ሁለት ልጅና አሮጊት እናት ይዞ አገር ሚቀይር ሰው የፋብሪካውን ትንፋሽ ትንሽ ማዳመጥ አለበት። ባለቤትሽም ዝውውሩ ገና ነው፣ የአስተማሪ ዝውውር አብዛኛውን ጊዜ ክረምት ላይ ነው ሚያልቀው፣ ትልቁ ልጅም ትምህርቱን ሰኔ ላይ እዛው ማርቆስ ይጨርስ፣ በመሃል ዓመት ነቅለሽ አታንገላቺው። እናትሽና ባለቤትሽ ካሉ ልጆቹ ብቻቸውን አይደሉም። ይከብዳል አውቃለሁ፣ ትንሿ 4 ዓመቷ ነው፣ በስልክ ስታለቅስብሽ ትቆስያለሽ። ግን ባለቤትሽ የት እንደተመደበ ሳታውቂ የያዝሽው የቤተሰብ ቤት፣ እሱ ኩታበር ወይ ባቲ ቢደርሰው፣ እንደገና ልትለቂው ነው። የትም ይመደብ ብቻ ያንቺ ሥራ የማታ ፈረቃ ስላለው ቤቱ ወዳንቺ ያድላ፣ እሱ ቀን ሠርቶ ቀን ነው ሚገባው።

ደላላውን ጨርሰሽ አታባርሪው፣ ግን ቤቱን ሳታዪ የማሳያ ምናምን እያለ ሚጠይቅሽን አትክፈዪ። አንድ ክፍል ይዘሽ ስትኖሪ የቤተሰቡን ቤት ራስሽ ታገኚዋለሽ፣ እዚ አገር ጥሩ ቤት በቡና ነው ሚገኘው። ወሎ ነሽ አሁን፣ ቡና ተጠርተሽ አቦል ጠጥተሽ አትነሺ፣ ቶናውንም በረካውንም ጠብቂ፣ እነ እከሌ ሊለቁ ነው ሚለው ወሬ በረካው ላይ ነው ሚመጣው። ሰፈሩን ከወደድሽው ቅሬ ግቢ፣ እናንተ እድር ምትሉት ነው፣ ብዙ ቦታ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው፣ ተከራይ ይቀበሉ እንደሆነና መግቢያው ስንት እንደሆነ ዳኛውን ጠይቂ። አሮጊት እናት ይዘሽ ሰው በማታውቂበት አገር ቅሬ ሳይኖርሽ ክረምት አይግባብሽ፣ የባለቤትሽ ወንድም ጥሩ ሰው ነው ግን ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሐረጎን ወርዶ አይደርስልሽም፣ ጎረቤት ነው ሚደርሰው። ከማርቆስ ስትለቂ ደግሞ ከቀበሌ መሸኛሽን አትርሺ፣ እሱ ከሌለ መታወቂያ ማውጣት ላይ ትጉላያለሽ፣ ቤተሰቡ ሲመጣ ለነሱም ያስፈልጋል።

ዕቃሽን በተመለከተ አሁን ምትይዢው ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ አጎበር፣ ትንሽ ምድጃ፣ ጀበናና ስኒ ነው፣ ሌላ ምንም። ሰኔ ላይ ቤተሰቡ ሲመጣ አይሱዙ ሙሉ ከመጫንሽ በፊት የጭነቱን ዋጋ ጠይቂና ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር አስተያዪው። ምጣድሽን አምጪ፣ የለመድሽው ምጣድ አይሸጥም። ፍሪጁን አምጪ፣ ኮምቦልቻ ላይ ከማርቆስ ይልቅ ያስፈልግሻል። የእናትሽን አልጋ አምጪ፣ አሮጊት አልጋ ቀይራ እንቅልፍ አይወስዳትም። ሶፋው ጥሩ ከሆነ አስቢበት። ቁም ሳጥኑን ግን እዛው ሽጪው፣ የሰርቪስ ቤት በር ጠባብ ነው፣ እኔ የኔን በመስኮት ላስገባ ብዬ ፍሬሙን አስነቅዬ ከአከራይዋ ጋር የተጣላሁበት ቁም ሳጥን እስካሁን ደሴ እህቴ ቤት በረንዳ ላይ ቆሞ ዶሮ ያድርበታል።